ስብሰባ ላይ የሚሰማ ታሪክ እንዴት ይዘጋጃል? ከጥያቄው ተነስቶ ወደ ኋላ፣ ደረጃ በደረጃ

«ሐሳባችሁን በታሪክ አስረዱ» የሚለውን ምክር ያልሰማ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ብዙዎች ሞክረውታልም። ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ተናጋሪው ከሩቅ ይነሳል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ አለቃው ስልኩን ያያል። ታሪኩ ያልቃል። ከዚያ አንድ ሰው «እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?» ይላል። ተናጋሪው ደግሞ ለዚህ አልተዘጋጀም።

ይህ የአንደበት ችግር አይደለም። አንደበተ ርቱዕ የሆኑ ሰዎችም እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ስለሚሠሩት ነው። የሥራ ታሪክ የሚሠራው ግን ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ውሳኔ ትይዛላችሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳችሁ፣ ሰሚው ያንን ውሳኔ ራሱ እንዲፈልገው የሚያደርገውን አንድ ቀን ታገኛላችሁ።

መመሪያው በሙሉ የሚሄደው በአንድ ምሳሌ ነው፦ የአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል። ምሳሌውን ለመለማመጃ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሮቹም የመለማመጃ ናቸው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። እናንተ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ብትሠሩም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተር።
- ድምፅ የሚቀዳና ሰዓት የሚቆጥር ስልክ።
- ሥራችሁን የማያውቅ አንድ ሰው። እህት፣ ጎረቤት ወይም ከሌላ ክፍል የሆነ ባልደረባ ይሆናል።
- ቢያንስ 3 ቀን። በስብሰባው ዋዜማ ማታ የተጀመረ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሪፖርት ይሆናል።

ፓወር ፖይንቱን ገና አትክፈቱ። ስላይድ ከተከፈተ እጃችሁ ወዲያው ነጥብ መደርደር ይጀምራል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ማን፣ ምን ያድርግ፣ ከመቼ ጀምሮ።

የማይሠራ፦ «የካርድ ክፍሉ ችግር ትኩረት ይሰጠው።»

የሚሠራ፦ «የከሰዓት ተረኛዋ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ለአንድ ወር ጠዋት 2:30 እንድትገባ ይፈቀድ።»

ልዩነቱን አስተውሉ። «ትኩረት ይሰጠው» ለሚል ጥያቄ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ማንም ግን ምንም አያደርግም። የአይጦቹን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር በሚለው ሁሉም ተስማማ። ማን ያስር ሲባል ቤቱ ጸጥ አለ። የእናንተ ዓረፍተ ነገር ቃጭሉን የሚያስረውን ሰው ካልጠቀሰ ገና አላለቀም።

ከተበላሸ፦ ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አልገባም ካለ ሁለት ጥያቄ ይዛችኋል ማለት ነው። ቀላሉን አስቀድሙ። ሌላው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ። ጭራሽ ጥያቄ ከሌላችሁም ታሪክ አያስፈልጋችሁም። መረጃውን በአጭሩ ተናገሩና ተቀመጡ።

ደረጃ 2፦ የሚወስነው ማን እንደሆነ ለዩ

ክፍሉ ውስጥ 15 ሰው ሊኖር ይችላል። «ይሁን» የሚለው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ስለ እሱ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ከበላዩ ያለው አካል በምን ይጠይቀዋል? ጥያቄያችሁን ቢቀበል ምን ያስፈራዋል?

በምሳሌያችን ወሳኟ የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ናቸው። የሚጠየቁት በተገልጋይ ቅሬታ ነው። የሚፈሩት ደግሞ «ከሰዓት መስኮቱ ባዶ ይሆናል» የሚለውን ነው። ስለዚህ ታሪኩ ተገልጋይ ላይ ያተኩራል፤ የከሰዓቱ ጉዳይም በጥያቄው ውስጥ ቀድሞ መልስ ያገኛል።

ወሳኙ የፋይናንስ ኃላፊ ቢሆን ኖሮ ይኸው ታሪክ አይሠራም። ለእሱ ሌላ ቀን ትፈልጋላችሁ። ለምሳሌ ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለአንድ ካርቶን ወረቀት ፊርማ ፍለጋ ሦስት ቢሮ ሲዞር የዋለ ሠራተኛን ቀን።

ደረጃ 3፦ ታሪኩን ሂዱና አምጡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ታሪክ ለመፍጠር ይሞክራል። የተፈጠረ ታሪክ ይታወቃል። ዝርዝሩ ሁሉ ልክ ልኩን ይገጥማል፤ እውነተኛ ቀን ደግሞ እንደዚያ አይገጥምም። ስለዚህ ተነሱና ሥራው ያለበት ቦታ ሂዱ። ሁለት ነገር አድርጉ።

ሀ. ተመልከቱ። ከተቻለ አንድ ሙሉ ጠዋት እዚያው ቁሙ። ሰዓት ጻፉ። ሰዎች የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉ። በእጃቸው የያዙትን ጻፉ።

ለ. ጠይቁ። አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። ካርድ ክፍል ገብታችሁ «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ካላችሁ ሠራተኛዋ እንደ ሪፖርት ትመልስላችኋለች፦ «የሰው ኃይል እጥረት አለ።» ሰው ስለ ችግር ሲጠየቅ ማጠቃለያ ይሰጣል። ስለ አንድ ቀን ሲጠየቅ ግን የሆነውን ይናገራል። እንዲህ ጠይቁ፦

«ባለፈው ሳምንት በጣም የከበደሽ ጠዋት የትኛው ነበር?»

«ኧረ ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ምን ሆነ?»

«አንዲት እናት ለስኳር ምርመራ ሳይበሉ መጥተው…»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ይህ «ከዚያስ?» የሚለው ቃል ከሁሉም የበለጠ ይረዳችኋል። ልጆች ተረት ሲነገራቸው የሚጠይቁት እሱን ነው። አራት አምስት ጊዜ ድገሙት። መሀል ላይ አስተያየት አትስጡ። «አዎ፣ እሱ ያው የሰው እጥረት ነው» ካላችሁ ታሪኩ እዚያው ይቆማል።

ለእያንዳንዱ አጋጣሚ ደብተራችሁ ላይ አምስት መስመር ጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን ፈልጎ መጣ፣ ምን ከለከለው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ሦስት አጋጣሚ ሰብስቡ። አንድ ብቻ ከያዛችሁ፣ ደካማ ቢሆንም እንኳ ልትተዉት አትፈልጉም።

ከተበላሸ፦ ሠራተኛዋ ለመናገር ከፈራች ደብተሩን ዝጉ። ለምን እንደምትጠይቁ በግልጽ ንገሯት፤ ስሟን እንደማትጠቅሱም ንገሯት። ከዚያ ሻይ ጋብዟትና ሌላ ቀን ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ መነሻውን ምረጡ

ከሦስቱ አጋጣሚዎች ከጥያቄያችሁ ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን ያዙ። መለያው ይህ ነው፦ «ጥያቄዬ ቀድሞ ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ይለወጥ ነበር?» መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ታሪኩ የቱንም ያህል ልብ ቢነካ ተዉት። እኔ ባየሁት፣ ሰዎች በጣም የሚቸገሩት ይህን መተው ላይ ነው።

ከዚያ የት እንደምትጀምሩ ወስኑ። ችግሩ ሊፈጠር አንድ እርምጃ ሲቀረው ጀምሩ። ካርድ ክፍሉ በስንት ዓ.ም. እንደተከፈተ፣ ቀድሞ ስንት ሠራተኛ እንደነበረው፣ ባለፈው ሩብ ዓመት ምን እንደታቀደ አትንገሩ። ሰው ከጠየቀ ያኔ ትመልሳላችሁ።

በተለይ ሁለት መግቢያዎችን ሰርዙ። አንዱ «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ» የሚለው ረጅም ምስጋና ነው። አንድ «አመሰግናለሁ» ይበቃል። ሌላው «እንደሚታወቀው» ነው። የሚታወቅ ከሆነ አትናገሩት። የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ቃሉ ስህተት ነው።

ደረጃ 5፦ አምስት ክፍል አድርጋችሁ ጻፉ

1. ማን፣ መቼ፣ ምን ፈልጎ መጣ።
2. ምን አጋጠመው።
3. ምን አደረገ ወይም ምን ያህል ጠበቀ።
4. መጨረሻው ምን ሆነ።
5. ጥያቄው።

ምሳሌያችን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ ጠዋት 1:15 ላይ አንዲት የ60 ዓመት እናት ካርድ መስኮቱ ፊት ቆመዋል። ለስኳር ምርመራ ነው የመጡት፤ ከማታ ጀምሮ አልበሉም። በፌስታል ዳቦ ይዘዋል፤ ደም ሰጥተው ሊበሉት። መስኮቱ 2:30 ተከፈተ። ውስጥ ያለችው አንዲት ሠራተኛ ናት። ካርድ የምትፈልገውም፣ የምትመዘግበውም፣ ገንዘብ የምትቀበለውም እሷው ናት። የእሳቸው ካርድ 4:20 ላይ ተገኘ። ሐኪም ዘንድ ገብተው የምርመራ ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ 5:30 ሆኗል። ላብራቶሪው ግን የጠዋት ናሙና መቀበል ያቆመው 5:00 ላይ ነው። ‹ነገ ሳይበሉ ይምጡ፣ እናቴ› አሏቸው። ዳቦውን በሩ ላይ ቁጭ ብለው በሉት። ረቡዕ 1:15 ላይ እዚያው መስኮት ፊት ቆመው ነበር።»

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ውስጡ «እንግልት» የሚል ቃል የለም። «በጣም ያሳዝናል» የሚልም የለም። ዳቦው ይበቃል። አንድ ዓይን የሚያየው ዕቃ፣ አንድ ጆሮ የሚሰማው ንግግር አስገቡ፤ ከዚያ በላይ አታብዙ። ሦስት አራት ዕቃ ከደረደራችሁ ሰሚው ዳቦውን ይረሳዋል።

የሪፖርት ቃላትን አውጡ። እነዚህ ቃላት እጃችን ላይ ስላሉ ሳናስብ ይገባሉ። ማንም ምንም እንዳያይ ያደርጋሉ። ስታገኟቸው እንዲህ ቀይሯቸው፦

- «የተገልጋይ እንግልት ይስተዋላል» → «ሳይበሉ የመጡ እናት እስከ 5:30 ቆዩ»
- «የቅንጅት ማነስ አለ» → «ሐኪሙ ምርመራ ሲያዝ ላብራቶሪው መቀበል አቁሞ ነበር»
- «የሰው ኃይል ውስንነት» → «ጠዋት መስኮቱ ላይ ያለችው አንዲት ሠራተኛ ናት»

በየመሥሪያ ቤቱ የራሱ ቃላት አሉት። «ክፍተት»፣ «ግንዛቤ»፣ «ባለድርሻ አካላት» ከሚሉት ጀምሩ። አንድ ቃል ስታዩ «ይህ በካሜራ ይነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይነሳ ከሆነ ቀይሩት።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ከታሪኩ በኋላ አቁሙት

ታሪክ ብቻውን አይበቃም። ጥሩ አለቃ «ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ ነው ወይስ ሁልጊዜ?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅም አለበት። ስለዚህ መዝገቡን ክፈቱና ቁጠሩ።

«ባለፉት 10 የሥራ ቀናት 412 ካርድ ተጠይቋል። ከዚህ ውስጥ 287ቱ የተጠየቀው ከ5:00 ሰዓት በፊት ነው። ከ10 ሰው 7ቱ ማለት ነው።»

አንድ ቁጥር፣ ቢበዛ ሁለት። ይህ ቁጥር የኃላፊዋንም ፍርሃት ይመልሳል፤ ከሰዓት የሚመጣው ሰው ጥቂት መሆኑን ያሳያል።

ቁጥሩን ከታሪኩ መለየት ለምን እንደሚጠቅም የሚጠቁም አንድ ጥናት አለ። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ማሊ ውስጥ ስላለች ሮኪያ ስለምትባል የ7 ዓመት ልጅ ነገሯቸው። ለሌሎቹ በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ ረሃብተኞች አኃዝ ሰጧቸው። የልጅቷን ታሪክ ያነበቡት አኃዙን ካነበቡት ከሁለት እጥፍ በላይ ለገሱ። ታሪኩና አኃዙ አንድ ላይ ሲቀርቡ ግን ልግስናው ወረደ። አኃዝ መሀል ሲገባ የሰው ልብ ወደ ስሌት ይሄዳል።

ይህ ስለ ልግስና የተደረገ ጥናት ነው። ቢሮ ውስጥ ስሌቱም ያስፈልገናል፤ ገንዘብና ሰዓት የሚመደበው በእሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አትተዉት፤ ለዩት። ሰውየው ታይቶ ካለቀ በኋላ አንድ ትንፋሽ ውሰዱ። ከዚያ ቁጥሩን ተናገሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ታሪኩን ካልደገፈው ታሪኩን ጣሉት። መዝገቡ ላይ ጠዋትና ከሰዓት እኩል ሆኖ ከተገኘ የማክሰኞው ቀን እውነት ቢሆንም ጥያቄያችሁ ልክ አይደለም። በአንድ አሳዛኝ ቀን የተሳሳተ ውሳኔ ማስወሰን ሌሎች ሰዎችን ይጎዳል።

ደረጃ 7፦ ፈቃድ ጠይቁ፣ ማንነት ደብቁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። እኔ ዘልዬው አንድ ሰው ጎድቻለሁ። ድሮ በምሠራበት ቦታ በሌሊት ተራ ላይ የደረሰን ስህተት ለስብሰባ ታሪክ አድርጌ አቀረብኩ። ስም አልጠራሁም። ግን ያን ሳምንት የሌሊት ተረኛዋ አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ሁሉም ዞሮ አያት። እሷ አንገቷን ደፋች። ጥያቄዬ ያኔውኑ ተፈቀደ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ችግር ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም አልፈርድባትም።

ስለዚህ፦

- ባልደረባችሁ በታሪኩ ውስጥ ካለች ከስብሰባው በፊት አንብቡላት። «ይህን ልናገር ነው፤ የሚያስከፋሽ ነገር አለ?» በሏት። አለ ካለች አውጡት።
- ተገልጋይ ከሆነ ስም፣ ሰፈርና ሌላ የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጡ። የሕክምና ጉዳይ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። ተገልጋዩ በእነዚያ ዝርዝሮች ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ቀኑንም በሽታውንም አትጥቀሱ፤ ወይም የራሱን ፈቃድ ጠይቁ።
- በታሪኩ ውስጥ ጥፋተኛ ሰው አይኑር። እናትየዋን የከለከላቸው ሠራተኛዋ አይደለችም፤ የሰዓት ድልድሉ ነው። ድልድሉን ያወጡት ኃላፊዋ ከሆኑ ደግሞ «ድልድሉ ሲወጣ የጠዋቱ ሰው ይህን ያህል አልነበረም» ብላችሁ ጀምሩ። እውነት ከሆነ ብቻ።

ደረጃ 8፦ ቁረጡ፣ ከዚያ ለማያውቅ ሰው ንገሩ

ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ከመግቢያ እስከ ጥያቄ 2 ደቂቃ ካለፈ ቁረጡ። መጀመሪያ የሚቆረጠው የእናንተ ስሜት ነው፤ «በጣም ደነገጥኩ» ይውጣ። ቀጥሎ ማብራሪያ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ዕቃ። ሰዓቶቹን አትቁረጡ። ታሪኩን የሚያስኬዱት እነሱ ናቸው።

አሁን ያንን ሥራችሁን የማያውቅ ሰው ፈልጉ። ለምን እንደሚያስፈልግ ላሳያችሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጋ አስቀመጠች። አንዱ የታወቀ ዘፈን ምት በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል። ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። አንኳኪዎቹ «ግማሹን ያውቁታል» ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ነው። አንኳኪው በጭንቅላቱ ውስጥ ዜማውን ይሰማል። ሰሚው የሚሰማው ኳኳታ ብቻ ነው።

እናንተም ካርድ ክፍሉን ስለምታውቁት ዜማውን እየሰማችሁ ነው የምትናገሩት። ለእህታችሁ ንገሯት። ከዚያ «በይ አሁን አንቺ ንገሪኝ» በሏት። የረሳችው ነገር መውጣት አለበት። «ናሙና ምንድን ነው?» ብላ ከጠየቀች ቃሉን ቀይሩ። ጥያቄውን በራሷ አፍ መድገም ካልቻለች ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

በቃል አትሸምድዱት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና ጥያቄውን ብቻ በቃል ያዙ። መሀሉን በሰዓቶቹ ትይዙታላችሁ፦ 1:15፣ 2:30፣ 4:20፣ 5:30።

ደረጃ 9፦ ተናገሩ

- ስላይድ ካለ አጥፉት፤ ወይም ባዶ ገጽ አድርጉት። ሰው እያነበበ አይሰማም።
- በሰዓቱ ጀምሩ፦ «ማክሰኞ ጠዋት 1:15 ላይ…»
- «ነገ ሳይበሉ ይምጡ» ካላችሁ በኋላ ቁሙ። በሆዳችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ።
- ቁጥሩን ተናገሩ።
- ጥያቄውን ወሳኙን እያያችሁ ተናገሩ። «ክብርት ኃላፊ፣ የከሰዓት ተረኛዋ ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ወር ጠዋት እንድትገባ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። ከሰዓት መስኮቱን ሁለቱ በተራ ይይዙታል።»
- ዝም በሉ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ጥያቄ ካቀረብን በኋላ ዝምታው ስለሚያስጨንቀን «ማለቴ፣ የማይመች ከሆነ ግን…» እንላለን። እሱ ጥያቄውን መልሶ ይወስደዋል። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሰዎች ነን፤ ፍላጎታችንን ሸፍነን መናገር ጨዋነት ይመስለናል። ለቅኔ ያምራል። ስብሰባ ላይ ግን ወርቁ ፊት ለፊት ይውጣ። አክብሮቱ በ«እርስዎ»ና በድምፃችሁ ይገለጣል።

ስብሰባው ላይ ነገር ሲበላሽ

«ወደ ነጥቡ ግቡ» ከተባላችሁ፦ አትከራከሩ፤ ታሪኩን ለመጨረስም አትቸኩሉ። በቀጥታ ወደ ጥያቄው ዝለሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን። «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ታሪኩ ያኔ ይመጣል፤ እንዲያውም አሁን እነሱ ፈልገውታል።

«ይህ አንድ አጋጣሚ ነው» ከተባላችሁ፦ «ልክ ነው፤ ለዚህም መዝገቡን ቆጠርነው» በሉና ቁጥሩን ድገሙ። መዝገቡን ይዛችሁ ግቡ።

ከረሳችሁ፦ ወደ ቀጣዩ ሰዓት ሂዱ። የዘለላችሁትን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ድምፃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንባ ከመጣ፦ አቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ ቀጥሉ። ብዙ ይቅርታ አትጠይቁ።

አንድ ባልደረባ «እኛን ነው የምትወቅሱት?» ካለ፦ ወዲያው መልሱ። «አይደለም። አንዲት ሠራተኛ ይህን ሁሉ ብቻዋን መያዟ ነው የገረመኝ።» ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ሄዳችሁ አነጋግሩት።

«እናስብበት» ከተባላችሁ፦ ቀን ጠይቁ። «ሐሙስ ብመለስ ይመችዎታል?»

በጽሑፍ ሲሆን

ኢሜይል ወይም የቴሌግራም መልእክት ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ጥያቄው መጀመሪያ ይምጣ። አንባቢው ስልክ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ጥያቄ፣ ቀጥሎ ታሪኩ በአራት ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ቁጥሩ። ርዕሱም «ጉዳዩ፦ የካርድ ክፍልን ይመለከታል» ሳይሆን «ጉዳዩ፦ የካርድ ክፍል ጠዋት ተረኛ እንዲጨመር ስለመጠየቅ» ይሁን። የተገልጋይን ታሪክ ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጻፉ። ማን ወዴት እንደሚያስተላልፈው አታውቁም።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሆን

«የገጠመህን ችግር እንዴት እንደፈታህ ንገረን» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው የሚፈልገው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚወድቀው በ«እኛ» ነው። «ችግሩን ለይተን፣ ተወያይተን፣ ፈታን» ይላል። «እኔ» ማለት መታበይ ስለሚመስለን ነው። ጠያቂው ግን የእናንተን ድርሻ ማየት አልቻለም። እንዲህ ክፈሉት፦ ሁኔታውን በ«እኛ» ተናገሩ፤ ያደረጋችሁትን በ«እኔ»፤ ውጤቱን እንደገና በ«እኛ»። «ክፍላችን ውስጥ ጠዋት ካርድ እስኪገኝ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። እኔ የ10 ቀን መዝገብ ቆጠርኩና ድልድሉ እንዲቀየር ጠየቅኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሁለት ሆነን መሥራት ጀመርን።» ይህ ትዕቢት አይደለም። ማን ምን እንደሠራ መናገር ነው።

ደረጃ 10፦ ተመልሳችሁ መጨረሻውን ንገሩ

ጥያቄው ከተፈቀደ ሥራችሁ ገና ግማሽ ላይ ነው። አሳዛኙን ክፍል ነግረው የሚጠፉ ሰዎች በሁለተኛው ጊዜ አይታመኑም። ወሩ ሲያልቅ እንደገና 10 የሥራ ቀን ቁጠሩ። እንደገና አንድ ጠዋት ካርድ መስኮቱ ጋ ቁሙና ሰዓት ጻፉ። ከዚያ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ ደቂቃ ጠይቁ።

ከተሳካ፦ «ሰኞ ጠዋት ሳይበሉ የመጡ አንድ አባት ካርዳቸውን 2:50 ላይ አገኙ። 4:00 ሰዓት ላይ ደም ሰጥተው ቁርሳቸውን ሊበሉ ወጡ።»

ካልተሳካም በዚያው ቅርጽ ተናገሩ፦ «ካርዱ 2:50 ላይ ተገኘ። ሐኪም ፊት ያለው ሰልፍ ግን አልቀነሰም፤ አሁንም ላብራቶሪ የደረሱት 5:20 ላይ ነው። ያየነው የመጀመሪያውን በር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን በር ለማየት ሁለት ሳምንት እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።»